«ሶፍት ኮፒው አለኝ» እና ሌሎች ስህተቶች

ደራሲዎች ሲደውሉልኝ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ሶፍት ኮፒው አለኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ጫንልኝ።» ሥራዬ የአማርኛ ጽሑፍን በስልክና በታብሌት የሚነበብ መጽሐፍ አድርጎ ማሰናዳት ነው። ላኩልኝ እላለሁ። የሚመጣው ማተሚያ ቤት የገባው ፒዲኤፍ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ንግግር በቃሌ አውቀዋለሁ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

የማተሚያ ቤቱን ፒዲኤፍ እንዳለ መሸጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ታገሱኝ።

ነገሩን ያበላሸብን የመጀመሪያው አይፓድ ይመስለኛል። በኤፕሪል 2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከ499 ዶላር ጀምሮ ሲሸጥ፣ ብዙም ሳይቆይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ቦርሳ አዲስ አበባ ገባ። ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ 9.7 ኢንች ነው። ስፋቱን በማስመሪያ ብትለኩት 148 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የኤ5 ወረቀት ስፋትም 148 ሚሊ ሜትር ነው። ልብ ወለዶቻችን ደግሞ አብዛኞቹ የሚታተሙት በኤ5 ነው።

እንግዲህ አስቡት። ደራሲው ፒዲኤፉን ታብሌቱ ላይ ሲከፍተው መጽሐፉ እንዳለ ቁጭ አለለት። ሽፋኑ፣ ማውጫው፣ የገጽ ቁጥሩ ሳይቀር። በጣት ሲገፉት ይገለጣል። ያየ ሁሉ «በቃ፣ የወረቀት ነገር አበቃለት» አለ። የሁለቱ ልክ መግጠም ግን ግጥምጥሞሽ ነበር። ያንን ግጥምጥሞሽ እንደ ደንብ ይዘነው ቀረን።

ያኔም ቢሆን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው እንከን ነበረው። ያ ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ የነበረው 132 ነጥብ ብቻ ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ያቺ ትንሽ ሰረዝ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ መሆኗ ነው። በደቃቅ ፊደል ሲጻፍ ሁለቱ ይደባለቁ ነበር። የነጥቡ ብዛት በ2012 እ.ኤ.አ. እጥፍ ሆኖ 264 ሲደርስ ነው ፊደላችን ጥርት ያለው።

አሁን ወደ ዛሬው አንባቢ እንምጣ። ታብሌት ያለው ስንቱ ነው? የሚያነበው በስልክ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ማታ አልጋ ላይ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሥራ ቤት ሆኖ በእረፍት ሰዓት። የስልክ ስክሪን ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 148 ሚሊ ሜትር የነበረው ገጽ እዚያ ውስጥ ሲገባ ከግማሽ በታች ይሆናል። በ12 የጻፋችሁት ፊደል ከ6 በታች ወረደ ማለት ነው። መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እሷን የሚያክል። አንባቢው በሁለት ጣት ያጎላዋል። ያኔ ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። አንዱን መስመር ለመጨረስ ወደ ቀኝ መጎተት፣ ለሚቀጥለው ወደ ግራ መመለስ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ዘግቶት ቲክቶክ ይከፍታል። አልፈርድበትም።

ከዚያ ደራሲው ይደውልልኛል። «የእኛ ሰው አያነብም እኮ!» ኧረ ያነባል! አስነበባችሁት?

ለስክሪን የሚሆነው ፋይል ኢፐብ ይባላል። ፒዲኤፍ በአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ነው፣ ኢፐብ ደግሞ ነጠላ። ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያስተካክላል፤ አንባቢው ፊደሉን ሲያሳድግ መስመሮቹ እንደገና ይደረደራሉ። ቋሚ ገጽ የለውም። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። «ገጽ የለውም? ታዲያ መጽሐፍ ነው እንዴ?» ነው። «ገጽ 45 ተመልከት» የሚለው ማመላከቻ ግን ትርጉም ያጣል፤ በማስፈንጠሪያ (ሊንክ) መተካት አለበት። ሥዕል የበዛበት የልጆች መጽሐፍ ብቻ ከሆነ ቋሚ ገጹን አልከለክላችሁም።

የድሮ ፎንት

«እሺ፣ ፒዲኤፉን ወደ ኢፐብ ቀይርልኝ።» እዚህ ጋ ሁለተኛው ጉድ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። የድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፋይሎች እንደዚያ ናቸው። ዓይናችሁ የሚያየው «ሰ» ነው፤ ኮምፒውተሩ የያዘው ግን የሆነ የላቲን ምልክት። ወረቀት ላይ ሲታተም ማንም አያውቅም። ስልክ ላይ ሲሄድ ዝብርቅርቁ ይወጣል። ብዙ ጽሑፍ ቤት ዛሬም በእነዚህ ይጽፋል፤ የጸሐፊዋ ጣት ለምዶታል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከፋይላችሁ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከደረሰ እሰየው። የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከደረሰ ፎንቱን መቀያየር አያድናችሁም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ማለፍ አለበት።

መቀየሪያውንም አትመኑት። አንድ የታሪክ መጽሐፍ መጣልኝ፣ ደራሲው ራሱ ቀይሮ ጨርሶ ነበር። ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት የጠቀሰው በሙሉ፣ የደራሲዎቹ ስም ሳይቀር፣ ወደ ፊደል ተቀይሮ «ጀህገ» የሚመስል ነገር ሆኗል። ለፕሮግራሙ ላቲን የሆነ ሁሉ አማርኛ ነው። «ቷ»፣ «ኳ»፣ «ጧ»፣ «ኟ» ያሉባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ፈልጋችሁ እዩ። መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

አራት ነጥብ

አራት ነጥብን (።) በሁለት ነጥብ ሁለቴ (፡፡) ወይም በኮሎን ሁለቴ (::) አትጻፉት። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት ነጥብ አይደለም። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ከፊቱ ክፍት ቦታ መተው ነው። ወረቀት ላይ መስመሩ ስለማይንቀሳቀስ አይታወቅም። ስልክ ላይ መስመሩ ሲታጠፍ ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ዓረፍተ ነገሩ በነጥብ የጀመረ ይመስላል። ወርድ ላይ «ፈልግና ተካ» የምትለውን ተጠቀሙ፤ ቡና ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች።

በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር መምታት፣ ርእስን መሃል ለማምጣት በስፔስ መግፋትም ያው ነው። ግጥም ለብቻው ሥራ ነው፤ ረጅሙ ስንኝ ሲታጠፍ የተረፈው ገባ ብሎ እንዲጀምር ማድረግን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

ምስጋናውን ፊት ላይ መከመር

የአማርኛ መጽሐፍ ደንቡ ይታወቃል። መታሰቢያ፣ ምስጋና፣ መቅድም፣ የምሁራን አስተያየት፣ መግቢያ፣ የሁለተኛው እትም መግቢያ። ወረቀት ላይ አንባቢው ይዘለዋል። ዲጂታል መደብር ላይ ግን ገዢው በነፃ የሚቀምሰው የመጽሐፉን መጀመሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ አካባቢ። ልብ ወለድ ሊገዛ የመጣ ሰው ለእትዬ እከሌና ለጋሼ እከሌ የቀረበ ምስጋና አንብቦ ይሄዳል። ታሪኩን አንድም መስመር አላየም። ምስጋናውን ኋላ አድርጉት። አይቀየሙም፣ ማንም ሳይጠቁማቸው ፈልገው ያገኙታል።

አንዱ ደራሲ ደግሞ መጽሐፉ ፊት ላይ «ይህን መጽሐፍ በታብሌት እንዴት ማንበብ ይቻላል» የሚል ረጅም መመሪያ አስገብቶ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ታብሌት በካርቶን ተሰጥቷቸው ነበር፣ ያለ አስተማሪ። ራሳቸው ከፍተው፣ ማብሪያውን አግኝተው መጠቀም ጀመሩ። አንባቢያችሁ ገጽ መግለጥ አያቅተውም። መመሪያው ይውጣ።

ስምና ዓመት

ሽፋኑ ላይ «ፀሐይ»፣ መደብሩ ቅጽ ላይ «ጸሃይ»፣ ፌስቡክ ማስታወቂያው ላይ «ፀሀይ»። እኛ አንድ አድርገን እናነበዋለን። የመደብሩ መፈለጊያ ግን ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያየ ቃል አድርጎ ነው የሚያየው። አንዱን ምረጡና ሁሉም ቦታ እሱን ጻፉ፤ ሌሎቹን አጻጻፎች ቁልፍ ቃል የሚሞላበት ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው። ስማችሁን በላቲን ፊደልም ጨምሩ። ውጭ አገር ያለው ዘመዳችሁ ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖረው ይችላል።

የታተመበት ዓመት በሚለው ቦታ 2016 ብሎ የሞላ ደራሲ አለ። ዓመተ ምሕረቱን ነው። መደብሩ አዲሱን መጽሐፍ የሰባት ስምንት ዓመት አሮጌ አድርጎ ደረደረው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ።

የቋንቋው ሳጥን ላይም ተጠንቀቁ። አማርኛን ከዝርዝራቸው ያላስገቡ ትልልቅ መደብሮች አሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የለም ብላችሁ «ዓረብኛ» ወይም «እንግሊዝኛ» ብላችሁ አታልፉ። እንደዚያ ያለፈ መጽሐፍ ከነአስተያየቶቹ ሲወርድ አይቻለሁ። መጀመሪያ ዝርዝሩን እዩ፣ ከዚያ መደብር ምረጡ።

ዋጋ

ይህ በእንግሊዝኛ ለምትጽፉ የአሜሪካና የአውሮፓ ወገኖች ነው። ኪንድል፣ የአማዞን የዲጂታል መጽሐፍ መደብር፣ ከጁን 30 ቀን 2010 ጀምሮ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሆነ መጽሐፍ 70 በመቶውን ለደራሲው ማካፈል ጀመረ። ከዚያ ክልል የወጣ 35 በመቶ ነው የሚያገኘው። «ወረቀቱ 20 ዶላር ነው፣ ይኼም 20 ይሁን» የሚሉ አሉ። በወረቀት ላይ እናስላው። የ9.99 ዶላር 70 በመቶ 6.99 ነው። የ19.99 ዶላር 35 በመቶ 7 ዶላር ነው። አንባቢውን እጥፍ አስከፍላችሁ ያተረፋችሁት አንድ ሳንቲም ነው። በ70 በመቶው ላይ ደግሞ የማድረሻ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሜጋባይት 15 ሳንቲም። የሠርግ አልበም የሚያህል ፎቶ የተሞላ 20 ሜጋባይት መጽሐፍ በአንድ ሽያጭ 3 ዶላር ይበላችኋል። ፎቶዎቹን አሳንሷቸው።

አገር ቤት ሆናችሁ ከአሜሪካ ሽያጭ የምታገኙት ላይ 30 በመቶ ታክስ ይቆረጣል፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ታክስ ስምምነት የለም። ይህን ለማምለጥ በአክስት ልጅ ስም አካውንት መክፈት የተለመደ ነው። ገቢው በእሱ ስም ይመዘገባል፣ ታክሱ እሱ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ የቤተሰብ ሽምግልና ይጠራል። ካደረጋችሁትም ቀድማችሁ በወረቀት ተስማሙ።

ረቂቁን ለአስተያየት መበተን

ለወዳጅ ሁሉ ያው አንድ ፋይል አይላክም። ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ከማን እጅ እንደወጣ አታውቁም። በየገጹ ግርጌ የተቀባዩን ስም አስገብታችሁ ላኩ። አብዛኛው ሰው ስሙን ሲያይ እጁ ይሰበሰባል። ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እያለና ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። በሌላ በኩል ያው ሕግ ሽፋናችሁ ላይ ከጎግል ያወረዳችሁትን ፎቶ ያነሣውንም ሰው ይጠብቃል።

ሽፋኑን ራሱን ደግሞ አሳንሳችሁ እዩት። መደብር ላይ የሚታየው ቴምብር አክሎ ነው። ርእሱ ካልተነበበ ፊደሉን አግዝፉ።

በራስ ስልክ ብቻ መሞከር

ጎረቤት ያለውን ርካሽ አንድሮይድ ተዋሱ። ፊደሉን ትልቁ ላይ አድርጉት። ከዚያ የማታውን፣ ጥቁሩን ገጽ አብሩ። ጽሑፉ ከጠፋ አዘጋጁ ቀለሙን «ጥቁር» ብሎ ቆልፎታል፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ሆኗል ማለት ነው። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ስልኩ የግዕዝ ፎንት የለውም፤ ነፃ ፈቃድ ያላቸውን እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ያሉትን ፋይሉ ውስጥ አስገቡ።

የመጨረሻ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ደግሞ ከአዘጋጁ፣ እኔም ብሆን፣ ሁለት ነገር ተቀበሉ። ኢፐቡንና በዩኒኮድ የታረመውን የወርድ ፋይል። ሁለተኛ እትም ስታስቡ ጽሑፍ ቤቱ ተዘግቶ፣ ኮምፒውተሩ ተሸጦ፣ እጃችሁ ላይ ያ ፒዲኤፍ ብቻ ከቀረ እንደገና ከ«ሀ» ማስተየብ ነው።