ድምፅ ያለው የዲዚል ባቡር ሞዴል ከመግዛታችሁ በፊት

በካርቶኑ ላይ «ለዲሲሲ ዝግጁ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ አትቸኩሉ። ዲሲሲ ማለት የሞዴል ባቡሮችን በሀዲዱ በኩል በሚላክ ዲጂታል ትእዛዝ መቆጣጠሪያ ዘዴ ነው። ጽሑፉ ሎኮሞቲቩ ውስጥ መሰኪያ አለ ማለት እንጂ ዲኮደር (ትእዛዙን ተቀብሎ ሞዴሉን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) አለ ማለት አይደለም። ዲኮደሩን ለብቻ ትገዛላችሁ፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማዳምጠው የሞተሩን ድምፅ ነው። እውነተኛው የአሜሪካ ጂፒ38-2 ሎኮሞቲቭ ባለ 2000 የፈረስ ጉልበት ሲሆን ሞተሩ ቱርቦ (በጭስ ጋዝ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የለውም። ባለ 3000 የፈረስ ጉልበቱ ኤስዲ40-2 ግን ቱርቦ ስላለው ጥርት አድርጎ ያፏጫል። እንግዲህ ጂፒ38-2 ተብሎ የቱርቦ ፉጨት የሚያሰማ ሞዴል ካጋጠማችሁ፣ የሌላ ሎኮሞቲቭ ድምፅ ተጭኖበታል። ላልለመደ ጆሮ ምንም ላይመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

በ1፡87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ ሞዴል) የሀዲዳችሁ መታጠፊያ ራዲየስ 46 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ ባለ አራት አክሰሉን ጂፒ38-2 ምረጡ። ባለ ስድስት አክሰሉ ኤስዲ40-2 ሰፋ ያለ መታጠፊያ ይፈልጋል።

ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ በጣም በዝግታ አስነድታችሁ እዩት። ድምፁ ከተቆራረጠ መንኮራኩሩና ሀዲዱ ይጠረጉ። ካልተሻለው፣ ኃይል የሚያጠራቅም ካፓሲተር የሚገጠምለት ዲኮደር ያስፈልገዋል።