ጉልበትዎን ሲያክሙ ሆድዎን አይርሱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቁርጥማት ያለበት ሰው ቤት ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ አይጠፋም። ብዙው ስህተት የሚጀምረውም እዚያ ነው።

«ከምግብ በኋላ ስለምወስደው አይጎዳኝም» ማለት። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ነው። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውም ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ምግብ ማቃጠሉን ቢያበርድም ቁስለቱን አያስቀርም። ወተትም ያው ነው። «እንግዲያው በመርፌ ይሁንልኝ» የሚሉም አሉ። መርፌውም በደም ዞሮ ጨጓራ ይደርሳል! ለጉልበትና ለእጅ ጣት ከሆነ የሚቀባው ዳይክሎፌናክ ይሻላል፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው።

ሁለት ማስታገሻ መደራረብ። ጠዋት አይቡፕሮፌን፣ ማታ ዳይክሎፌናክ። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሚጨምሩት ጉዳቱን ነው። ለልብ አስፕሪን፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

የጨጓራ ባክቴሪያን ሳይመረመሩ ማስታገሻ መጀመር። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ይህ ባክቴሪያ እኛ አገር ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ አለ። እሱና እነዚህ ማስታገሻዎች ሲገናኙ የቁስለት ዕድሉ ይጨምራል። ከዚህ በፊት ቁስለት ከነበረብዎት ለረጅም ጊዜ ከመውሰድዎ በፊት ይመርመሩ። በሰገራ ሲመረመሩ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) ላይ ከሆኑ ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ቢያንስ 2 ሳምንት ማቋረጥ ያስፈልጋል።

ያለፈውን ተቅማጥ ለሐኪም አለመንገር። ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው፤ አይፈረድም፣ ሆድና ጉልበትን ማን ያገናኛል? ግን ሺጌላ፣ ሳልሞኔላ ወይም ካምፒሎባክተር የሚባል ጀርም ካመጣው ተቅማጥ ከ1 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ሊያብጥ ይችላል። ተቅማጡ አልፏል፤ ለጀርሙ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ግን መገጣጠሚያውን ያስቆጣዋል። ዓይን መቅላትና ሽንት ማቃጠል አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ሐኪሙ ታሪኩን ካልሰማ ሪህ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ተቅማጡ ለወራት የሚመላለስ፣ ደም ያለበትና ክብደት የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ የአንጀት ቁጣ በሽታ (የአንጀት ግድግዳ ለረጅም ጊዜ የሚቆጣበት ሕመም) ሊሆን ይችላል። እሱም መገጣጠሚያን ያሳምማል። በዚህ ላይ ዳይክሎፌናክ ሲጨመር አንጀቱን ሊያባብሰው ይችላል።

«ካላመመኝ ቁስለት የለብኝም» ብሎ መተማመን። ማስታገሻው የቁስለቱን ሕመምም ሊሸፍነው ይችላል። በተለይ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች የመጀመሪያ ምልክታቸው መድማት ሊሆን ይችላል፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት፣ ማዞር። የብረት ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል። ሁለቱንም የሚወስዱ ከሆነ ግን እቤት ሆኖ መገመት አያዋጣም፤ ማስታገሻውን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።