ያገለገለ ሞተር ገዝታችሁ መሪው ላይ ያለው ነገር ሲያስቸግራችሁ

ሀዋሳ ላይ ያገለገለ ቦክሰር 150 ገዝቼ ነበር፣ ጭስ የለው ዘይት አያንጠባጥብ፣ ደስ ብሎኝ ወሰድኩት። በሁለተኛው ሳምንት አደባባይ ላይ ወደ ግራ ሳጥፍ ድርግም አለ፣ ክላክስ የለ ፍሬቻ የለ፣ ከኋላዬ ደግሞ አይሱዙ እየመጣ ነበር። የወሰድኩት ጋራዥ ባትሪ ነው ብሎ ባትሪ አስቀየረኝ አልተሻለውም፣ ሌላ ጋር ስወስደው የቁልፉ ቤት ነው ተባለ፣ እሱም ተቀይሮ እንደገና ጠፋ። መጨረሻ ላይ የፊት መብራቱን ራሴ ፈትቼ ሳየው አንድ ሽቦ የመሪው አንገት ጋር እየታጠፈ እየታጠፈ ውስጡ ተበጥሶ ላስቲኩ ብቻ ነው ይዞት የቆየው። ስለዚህ ከዛ ወዲህ የምከተለው ቅደም ተከተል ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ካቦ (ከእጀታው የሚጎተተው የብረት ገመድ) እና የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከዛ ቆሻሻ፣ እቃ መግዛት መጨረሻ።

መሪ ስታዞሩ የሚጠፋ ከሆነ

ሞተሩን በመሀል ማቆሚያው አቁሙት፣ ቁልፉን ክፈቱና ፍሬቻ አብሩ፣ ከዛ መሪውን በጣም ቀስ እያላችሁ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ አዙሩት። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ፍሬቻው ከጠፋ መሪውን እዛው ይዛችሁ የሽቦውን እስር በጣታችሁ ነካካ አድርጉት፣ መልሶ የሚበራበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ። አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ጋር ወይ የፊት መብራቱ ቤት ውስጥ ነው። የተበጠሰውን ለማወቅ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ አድርጉ፣ ጤነኛው አይለጠጥም፣ የተበጠሰው ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ቆርጣችሁ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሽቦ ቀጥሉበት፣ ትንሽ ረዘም አድርጉት፣ በሊድ አስበይዱት። ጠምዝዞ ፕላስተር መጠቅለል ብቻውን አያዛልቅም፣ ንዝረቱ ይፈታዋል። ስትጨርሱ ደግሞ አንገቱ ላይ አጥብቃችሁ አትሰሩት፣ መጀመሪያ የበጠሰው እሱ ነውና።

ነዳጅ መስጫው አልመለስ ካለ

ይሄን ነገር ለነገ አታሳድሩት። እጃችሁን ስትለቁ ጠብ ብሎ ራሱ መመለስ አለበት፣ መሪው ቀጥ ሲልም ሙሉ በሙሉ ግራና ቀኝ ሲዞርም። በእጅ እየመለሱ የሚነዱ ሰዎች አውቃለሁ፣ እባካችሁ ተዉት፣ አንድ ቀን ፍሬን ይዛችሁ ሞተሩ ወደፊት ሲጎትታችሁ ነው የሚገባችሁ።

መጀመሪያ የእጅ ጎማውን ጫፍ እዩ፣ ሞተሩ ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ተገፍቶ ጎማውን ያሻዋል፣ ወይ ደግሞ የመሪው ቱቦ ራሱ ትንሽ ተጣሟል። ጫፉ ላይ ጥቂት ሚሊ ክፍተት ሲኖረው ወዲያው ይላቀቃል። እሱ ካልሆነ የነዳጅ መስጫውን ቤት የያዙትን ሁለት ብሎኖች ትንሽ ላላ አድርጉና ሞክሩ፣ ከመጠን በላይ ጠብቀውም ይይዛሉ። አሁንም ከከበደ ካቦውን ከላይ አውጥታችሁ በእጃችሁ ጎትቱት፣ ካቦው ከከበደ ችግሩ ካቦው ወይ ከታች ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው፣ ካቦው ቀሎ እጀታው ብቻ ከከበደ ግን ቱቦው ላይ ያለው አቧራና የደረቀ ግሪስ ነው፣ በቤንዚን በነከረ ጨርቅ ጠርጉት ይበቃል።

ሌላ ምልክት አለ፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት፣ እየሰራ መሪውን ስታዞሩ ድምፁ ከፍ ካለ። ይሄ ካርቡሬተር አይደለም፣ ሚኒሞውን አትንኩት። ካቦው አጭር ነው ወይ በተሳሳተ መንገድ ነው የተዘረጋው፣ ስለዚህ መሪው ሲዞር ይጎተታል። ካቦው ላይ ባለው ማስተካከያ የእጅ ጎማው ነዳጅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት ከ2 እስከ 6 ሚሊ ያህል ባዶ እንዲዞር አድርጉ። ካልተስተካከለ ካቦው አንገቱ ጋር በየት በኩል እንደሚያልፍ እዩ፣ ከሌላ ተመሳሳይ ሞተር ጋር ብታወዳድሩት ቶሎ ይታያችኋል።

ፍሪሲዮን

ሲከብድ ካቦውን ከእጀታው አውጡ። እጀታው ብቻውን ከከበደ የያዘውን ብሎን ፈትታችሁ አጽዱና ትንሽ ግሪስ ቀቡት፣ የሚገርማችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ካቦው ከከበደ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በላስቲክ ከረጢት ጥግ እንደ ማጥለያ ጠቅልላችሁ ቀጭን ዘይት አፍስሱበት፣ በሌላኛው ጫፍ እስኪወጣ ይደር። እንዲህ አርጋችሁም ካልቀለለ ውስጡ ዝጓል፣ አትታገሉት ቀይሩት። ደግሞ እጀታው ውስጥ የሚገባውን የካቦውን ራስ ሳታዩ እንዳታልፉ፣ ከክሮቹ አንዱ እንኳን ተበጥሶ ከቆመ ሌሎቹም ሩቅ አይደሉም። እኔ ትርፍ ካቦ ከድሮው ጎን በፕላስተር አስሬ ነው የምሄደው፣ መንገድ ላይ ሲበጠስ የላይና የታች ጫፉን ማስገባት ብቻ ነው።

ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ማለትም ነዳጅ ስትሰጡት ጮሆ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ ሞተሩን ከማስከፈታችሁ በፊት እጀታው ባዶውን የሚሄድበት አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ አካባቢ መሄድ አለበት። ምንም ባዶ ከሌለው ፍሪሲዮኑ ሁሌ በግማሽ የተያዘ ነው፣ በዛው ከተነዳ የፍሪሲዮኑን ሸራ ይበላዋል። በተቃራኒው በጣም ከላላ ማርሽ ሲገባ ይንጓጓል፣ እጀታውን ይዛችሁም ሞተሩ ወደፊት መሄድ ይፈልጋል። ሁለቱም ካቦው ላይ ባለው ማስተካከያ ይስተካከላሉ፣ ሳንቲም አያስወጣም።

የፊት ፍሬን

በካቦ የሚሰራ ከሆነና እጀታው የእጅ ጎማውን እስኪነካ ከገባ ታች የፊት እግሩ ጎማ ጋር ያለውን ዳዶ አጥብቁ። ዳዶው መጨረሻው ላይ ከደረሰ የፍሬን ሸራው አልቋል፣ ከዚህ በላይ በካቦ ማካካስ የለም። በዘይት የሚሰራ ዲስክ ከሆነ ደግሞ እጀታው እንደ ስፖንጅ ሲል አየር ገብቷል፣ አየሩን ማስወጣት ነው። ይዛችሁት ቀስ እያለ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነና የትም የሚንጠባጠብ ከሌለ እጀታው ጋር ባለው ላይኛው ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ነው ያለቀው። የፍሬን ዘይቱን ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አይታችሁ፣ ዶት 3 ወይ ዶት 4፣ ካልተከፈተ ጠርሙስ ግዙ፣ ተከፍቶ የቆየው ከአየር እርጥበት ይስባል። የሞተር ዘይት ያስገቡበት ሞተር አጋጥሞኛል፣ ጎሚኒዎቹ በሙሉ አብጠው ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ቀለም ላይ ከፈሰሰባችሁም ወዲያው በውሀ እጠቡት፣ ቀለሙን ያነሳዋል።

ማብሪያ ማጥፊያዎቹ

ክላክስ እምቢ ካለ መጀመሪያ ክላክሱን በሁለት ሽቦ ቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኙት። ከጮኸ ክላክሱ ደህና ነው፣ ወደ ማብሪያው ሂዱ። ፍሬቻ ሳይብለጨለጭ ዝም ብሎ ከበራ ባትሪው ደካማ ነው ወይ የሚያብለጨልጨው ሪሌ ሞቷል፣ በአንድ በኩል ብቻ በጣም ከፈጠነ ደግሞ በዛ በኩል አንድ አምፖል ተቃጥሏል። የፊት መብራቱ በሚኒሞ ፈዞ ነዳጅ ሲሰጥ የሚደምቅ ከሆነ ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ አሰራሩ ነው፣ ቀጥታ ከማግኔቱ ስለሚመጣ፣ ማብሪያውን አትፍቱት።

የስታርተር ቁልፉን ስትጫኑ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አይታችሁ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ሞክሩ፣ አንዳንዱ ፍሪሲዮን ካልተያዘ አይነሳም፣ እጀታው ስር ያለችው ትንሽ ስዊች ስትቆሽሽም እንደዛው ነው። ሞተር ማጥፊያ ቀይ ቁልፍ ካለው እሱም ክፍት መሆኑን እዩ። ቀጭ ብሎ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ካልዞረ ግን ችግሩ መሪው ላይ አይደለም፣ ባትሪውን አስለኩ።

ማብሪያውን ስትፈቱ ከስር ሁለት ብሎን አለው፣ ከመክፈታችሁ በፊት ትልቅ ላስቲክ ውስጥ አስገቡት፣ ምክንያቱም ውስጡ የሩዝ ፍሬ የምታክል ኳስና ሞላ አለች፣ ከተፈናጠረች አታገኟትም። ሳትነኩት በስልክ ፎቶ አንሱ። የነሐስ መገናኛዎቹ አረንጓዴ ከሆኑ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ አጽዱ፣ በአልኮል ጠርጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ቀጭን ቫዝሊን ቀብታችሁ ግጠሙ። ከዛ በኋላ ላቫጆ ስትወስዱት መሪውን በላስቲክ ሸፍኑና በግፊት ውሀ እዛ ጋር እንዳይመቱት ቆማችሁ ንገሯቸው፣ የኔ ማብሪያ ሁለት ጊዜ አረንጓዴ የሆነው በዛ ነው።