የውጭ አገር ሰው አግብታችሁ ባህር ዳር ልትኖሩ ለምትመጡ

ይሄ ውጭ ኖራችሁ ወይ ተምራችሁ ከዛው አግብታችሁ አሁን ባህር ዳር ገብታችሁ ለመኖር ለምታስቡ ሰዎች ነው። ለናንተ አገር ቤት መግባት ነው፣ ለሱ ወይ ለሷ ግን ባህር ዳር ባዕድ ከተማ ናት፣ ቋንቋው አይገባም፣ ሰዓቱ ግራ ነው፣ ሰላምታው አያልቅም፣ ዘመዱ ብዙ ነው። ከሁሉ በፊት ማለት ምፈልገው ነገር ከተማውን አንዳችሁ ብቻ አትያዙት ነው። አማርኛ ሚችለው ቤት ይፈልጋል፣ ገበያ ይወጣል፣ ከቀበሌ ጋር ይነጋገራል፣ ከዘመድ ጋር ይስቃል፣ ሌላኛው ደሞ አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ምን አሉ? ምን አሉ?" ሲል ይውላል። እንደዚ ሚኖሩ ጥንዶች እኛ ሰፈር አይቻለሁ፣ ፍቅራቸው ሳይጎድል ሁለቱም ነው ሚደክሙት፣ አንዱ አስተርጓሚ መሆን ይሰለቸዋል፣ ሌላው ያለሱ ዳቦ መግዛት ያቅተዋል። ስለዚ ከታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ፣ ቋንቋውን የማይችለው ሰው ይሄን ነገር ብቻውን ማድረግ ሚችለው እንዴት ነው እያላችሁ አንብቡት።

ከቤት እንጀምር። ቤት ስታዩ ሴራሚኩንና ኮርኒሱን ተዉትና ከበር ወጥቶ በእግር ምን ምን ይገኛል የሚለውን እዩ፣ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ባጃጅ ሚቆምበት አስፋልት። ፔዳ ግቢና ፖሊ ግቢ አካባቢ ዩኒቨርሲቲው ስላለ እንግሊዝኛ ሚያወራ ተማሪና መምህር አይጠፋም፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አባይ ማዶ ደሞ በ2016 ግንቦት 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ከተመረቀ ወዲህ መመላለሱ ስለቀለለ እሱንም አትናቁት። ሐይቁ ዳር መኖር ያምራል ግን ትንኝ አለ፣ መስኮቱ ወንፊት ከሌለው ወይ አስገቡለት ወይ ሌላ ቤት እዩ።

ቤቱን ቀን ካያችሁት ማታም አንዴ ተመልሳችሁ እዩት። መብራት ይጠፋል ወይ፣ ውሃው በስንት ቀኑ ነው ሚመጣው፣ ሮቶ አለ ወይ፣ ሮቶው የናንተ ብቻ ነው ወይስ ከአከራይ ጋር በጋራ፣ ቆጣሪው ካርድ ነው ወይ፣ በጋራ ከሆነስ እንዴት ነው ምትካፈሉት፣ ይሄን ደላላውን ሳይሆን እዛው ግቢ ሚኖር ሌላ ተከራይ ጠይቁ። የደላላውንም ኮሚሽን ቤት ማየት ሳትጀምሩ ተስማሙ። የቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ሚባለው ወጥቷል፣ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ላይ ነው ሚሠራው፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል፣ ክፍያውም በባንክ ወይ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። እናንተ ጋ እንዴት እየተሠራበት እንደሆነ ክፍለ ከተማው ላይ ጠይቃችሁ ተዋዋሉ፣ ውሉ ላይ ደሞ የሁለታችሁም ስም ይግባ።

የኔ ምክር የመጀመሪያውን ቤት ለብቻው የታጠረ ቪላ አታድርጉት። አከራይና ሌሎች ተከራዮች ያሉበት ግቢ ተከራዩ። አዎ በር በጊዜ ይዘጋል፣ እንግዳ ሲመጣ ይታያል፣ ልብስ ማስጫ ላይ ተራ አለ፣ ግን ባልሽ ወይ ሚስትህ ጠዋት ከክፍል ሲወጡ "እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ" ሚላቸው ሰው አለ፣ ቡና ሲፈላ ሚጠራቸው አለ፣ እንጀራ ሲጋገር ቆመው ሚያዩበት ቦታ አለ። አማርኛ ሚለመደው እዛ ነው፣ ቪላውን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ወረቀቱን በአጭሩ ልበል፣ አሰልቺ ነው ግን ካልጨረሳችሁት ሌላው ሁሉ ይንጠለጠላል። ውጭ የተጋባችሁ ከሆነ የጋብቻ ማስረጃውን እዛው አገር የውጭ ጉዳይና እዛው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አረጋግጣችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እዚህ ከደረሳችሁ በኋላ ይሄን ላድርግ ማለት ወራት ይበላል። የውጭ ዜጋው የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ መሥራት ከፈለገ ደሞ የሥራ ፈቃድ ለብቻው ነው፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። ዜግነት እስከመውሰድ ምታስቡ ካላችሁ በአዋጅ 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ያገባ ሰው ለማመልከት ጋብቻው 2 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ከማመልከቱ በፊትም ቢያንስ 1 ዓመት እዚህ መኖር አለበት፣ ሁለት ዜግነት ግን ስለማይፈቀድ የድሮውን መተው አለ፣ ይሄን ሳትቸኩሉ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ አውሩበት። እናንተ ከሌላ ቦታ ምትመጡ ከሆነ ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ አትርሱ። ቢሮ ስትሄዱ ደሞ ሁሌ አብራችሁ ሂዱ፣ ፊቱ ከታወቀ ሌላ ቀን ብቻውን ቢመጣም ይስተናገዳል።

ሰዓት። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ጭቅጭቅ ያመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳ ላይ ሚሰቀል ሁለቱም ቀን ያለበት ካሌንደር ግዙ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት ደሞ በኛ አቆጣጠር አድርጋችሁ ስቀሉ። ማንም ሰው ቀጠሮ ሲሰጥ "በኛ ነው በፈረንጅ?" ብሎ መጠየቅ ይልመድ፣ ሰውም ጥያቄውን ለምዶታል። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 08:00 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ ሠራተኛዋ 8 ሰዓት ካለች ግን ከምሳ በኋላ ነው። ጳጉሜንም አስረዱ፣ የ5 ወይ የ6 ቀን ወር ሲሰሙ ይገረማሉ ግን አንዴ ከገባ ገባ ነው።

መጓጓዣ ላይ ባህር ዳር ለእንግዳ ደግ ከተማ ናት። ሜዳ ነች፣ መንገዶቿ ሰፋፊ ናቸው፣ ዘንባባው ጥላ አለው፣ ስለዚ መጀመሪያ ምትገዙት ነገር ሳይክል ይሁን፣ ለሁለታችሁም። ሳይክል ያለው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ገበያ ሄዶ ይመጣል፣ ዋጋ አይከራከርም፣ የት እንደሚወርድ አይጨነቅም፣ ከተማውንም በራሱ ጭንቅላት ይስለዋል። ባጃጅ ላይ ደሞ በጋራ ሚጫነውና ኮንትራቱ ዋጋቸው ሰማይና ምድር ነው፣ ቆመህ "ኮንትራት ነው?" ብለህ ሳትጠይቅ ከገባህ እንደ ኮንትራት ይታሰባል። ሦስት ነገር አስጠኑ፣ ሚሄዱበትን ሰፈር ስም፣ "ስንት ነው?" እና "ወራጅ አለ!"፣ ሦስተኛውን ጮክ ብሎ ማለት ያፍራሉ፣ አብራችሁ ሆናችሁ አለማምዷቸው። ማታ ባጃጅ እስከስንት ሰዓት እንደሚሠራ ደሞ እንደወቅቱ ስለሚለያይ በየጊዜው ጠይቁ።

ገበያ ስትሄዱ የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት አብራችሁ ሂዱ ግን እናንተ ግዙ ሌላው ይሸከም አይሁን፣ ሥራውን ተካፈሉ። ለምሳሌ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሙዝና ማንጎ የሱ ይሁን፣ ጤፍ፣ በርበሬና ቅቤ የናንተ፣ እነዚህ ዓይን ይፈልጋሉ። ጤፍ የአዴት፣ በርበሬ የቡሬ ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ጤፉን በእጅ ዘግናችሁ አሸዋ እንዳለው እዩ፣ እናታችሁ ወይ አክስታችሁ ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ። እንግዳው ሰው ግን አንዲት የአትክልት ደንበኛ ትኑረው፣ ሁሌ ከሷ ይግዛ፣ መጀመሪያ ላይ የፈረንጅ ዋጋ ልትጠራ ትችላለች፣ በተመላለሰ ቁጥር ግን ይስተካከላል፣ ቆይታ ደሞ ምርቃት መጨመር ትጀምራለች፣ ሲጠፋም "ምነው ጠፋህ?" ትላለች። ይሄ "ምነው ጠፋህ" ሚለው ሰው በከተማው ውስጥ በየቦታው እስኪኖረው ድረስ ታገሱ።

ምግብ ላይ አሳ ያግዛችኋል። ከጣና ሚወጣው ቀረሶም አምባዛም ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ ዱለቱ አለ፣ በርበሬ የማይችል ሰው ጥብሱን በሎሚ ይበላል። ስለ ጾም አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ ደሞ 55 ቀን ነው፣ ያኔ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ምግብ ቤትም በያይነቱና አሳ ነው ሚበዛው። እናንተ ምትጾሙ ሆናችሁ ሌላው ማይጾም ከሆነ ሁለት ድስት ማውጣት እንዳለ ተነጋገሩበት፣ የሁዳዴ መጀመሪያ ቀን ላይ ሳይሆን አስቀድማችሁ። ሰው ቤት ስትሄዱም ጉርሻ ሲመጣ አንዱን ይቀበል፣ ከዛ በኋላ "በቃኝ" ካለ እናንተ ደግፉት፣ "በሞቴ" ሲባል አብራችሁ አትለምኑት።

ጤና ላይ አልለሳለስም። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አለ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ። አልጋ ላይ አጎበር ይሰቀል፣ ደጅ ላይ ውሃ ያቆረ ጎማና ባልዲ አይቀመጥ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው ሰው በዛው ቀን ደም ይመርመር፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አታሳድሩ። ከውጭ የመጣ ሰው ሰውነቱ ወባ ስለማያውቅ ቶሎ ነው ሚከብደው፣ እናንተም ብዙ ዓመት ውጭ ከነበራችሁ እንደሱው ናችሁ። የጣና ውሃ ዳርዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ ስላለ ሙቀት ሆነ ብላችሁ እግር መንከርና መዋኘት ይቅር፣ አባይ ከሐይቁ ሚወጣበት በኩል ደሞ ጉማሬ አለ፣ ሲመሽ ዳር ለዳር አትሂዱ። የመጠጥ ውሃ ይፈላ ወይ ይጣራ። ትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ናቸው፣ የትኛው ለቤታችሁ እንደሚቀርብ ሳትታመሙ በፊት አንዴ ሄዳችሁ መግቢያውን እዩ፣ የውጭ ዜጋው ብቻውን እያለ ቢያመው ለባጃጅ ሹፌር ስሙን ጠርቶ መድረስ አለበት።

አማርኛውን እናንተ አታስተምሩ። ባልና ሚስት መማርና ማስተማር ሲጀምሩ ትዕግስት ያልቃል፣ ይልቅ ከዩኒቨርሲቲው አንድ ተማሪ ፈልጋችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ይምጣ፣ ከፊደል ይጀምር። ፊደል የለየ ሰው የሱቅ ስም ያነባል፣ የመድኃኒት ቤት ታፔላ ያነባል፣ አውቶቡስ ላይ የተለጠፈውን ያነባል፣ ለመናገር ባይደርስም ከተማው ይከፈትለታል።

አሁን ሰው። እድር ግቡ፣ ሁለታችሁም ቀርባችሁ ተዋወቁ፣ ጎረቤት የናንተን ብቻ ሳይሆን የሱንም ስም ይወቅ። ልጆች መንገድ ላይ "ፈረንጅ" ወይ "ቻይና" እያሉ ይጠራሉ፣ ያበሽቃል፣ እውነት ነው፣ ግን ቆሞ "ስሜ እንደዚ ነው፣ ያንተስ?" ካለ በማግስቱ በስሙ ነው ሚጠሩት፣ ቢያንስ የሰፈሩ ልጆች። ለቅሶ ሲኖር አብራችሁ ሂዱ፣ "ቋንቋ አይችልም ምን ያደርጋል" አትበሉ። ለቅሶ ቤት ብዙ ወሬ አያስፈልግም፣ ገብቶ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ቁጭ ብሎ ይነሳል፣ ያ ቤተሰብ የመጣውን ሰው አይረሳም፣ እኔ ካየሁት አንድ እንግዳ ሰፈር ውስጥ እንደ ሰው ሚቆጠረው ከሠርግ ይልቅ ለቅሶ ከደረሰ በኋላ ነው። ትልልቅ ሰዎችን አንቱ ማለት፣ ጋሼና እትዬ ብሎ መጥራት ቀድማችሁ አለማምዱ፣ እማማ ሲገቡ ከወንበር ብድግ ማለትንም።

እናታችሁ ባህር ዳር ካሉ ደሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ እሳቸውንና ሚስትህን ወይ ባልሽን አንዳንዴ ብቻቸውን ተዉአቸው። እናንተ መሃል ካላችሁ ሁሉም ነገር በናንተ በኩል ያልፋል፣ ሽሮ ሲያሠሩ ግን ሽንኩርት በእጅ ማሳየት ይበቃል፣ ይሳሳቃሉ፣ የራሳቸው የሆነ መግባባት ያበጃሉ። ረጅም ቡና ላይ ደሞ ሁሉንም ቃል መተርጎም አይቻልም፣ በየመሃሉ ወሬው ስለምን እንደሆነ ብቻ ሹክ በሉ፣ ሲደክመው ወጣ ብሎ ልጆቹ ጋ መጫወት ወይ ቀድሞ ቤት መግባት እንደሚችል ቀድማችሁ ተስማሙ። ዘመድ ቅር ይለዋል ካላችሁ እናንተ አስረዱ፣ ይሄ የናንተ ሥራ ነው።

ሙቀቱ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይከብዳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደሞ ዝናቡ አያባራም፣ ልብስ አይደርቅም፣ ብዙ እንግዳ ሆድ ሚብሰው ያኔ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሚሠራ ነገር ይኑር። ክረምቱ ሲወጣ ግን ተነሱና ውጡ። ለከተማው ቅርብ የሆነው ቤዛዊት ነው፣ ከተራራው ላይ አባይ ከነከተማው ይታያል። ጢስ አባይ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ፏፏቴው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው ሞልቶ ሚገኘው። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ በዛው ቀን መስመሩ ላይ ሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ ትናንት ሰላም ነበር በሚል አትሂዱ። በጀልባ ከሆነ ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማያስገባ ለጥንድ ዘጌን ምረጡ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁለታችሁም ገብታችሁ ግድግዳውን ሥዕል ታያላችሁ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ትሄዳላችሁ። ጠዋት በጊዜ ተነሱ፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ዋጋውን ደርሶ መልስ ብላችሁ ከነመጠበቂያው ተነጋገሩ፣ ላይፍ ጃኬት ለሁለታችሁም መኖሩን ሳታዩ ጀልባ ላይ አትውጡ።