ብስክሌቴ አልታመመም፤ የታመመው ጠዋቱ ነው

ቤቴ ቦሩ ሜዳ ጫፍ ላይ ነው፤ ሱቄ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከቤት እስከ ሱቅ 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ሲሆን፣ ሚያዝያ ላይ በ34 ደቂቃ እደርሳለሁ። ኅዳር ላይ ግን 41 ይፈጅብኛል። ብስክሌቱ ያው፣ መንገዱ ያው፣ ጋላቢውም ያው እኔ።

በመጀመሪያው ዓመት ብስክሌቱ የተበላሸ መስሎኝ ስንት ገንዘብ አፈሰስኩ። የኋላውን ጎማ አስፈታሁ፣ ኩሽኔታ አስቀየርኩ፣ ሰንሰለት አሳጠርኩ። በማግስቱም 41 ደቂቃ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ጠጋኙ ሽማግሌ ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን አሽከረከሩትና ዝም ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንም የለበትም። ከሰዓት በኋላ ነድተኸው ታውቃለህ?»

«ማታ ስመለስማ ይበርራል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አብሽር። የታመመው ጠዋቱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስድስት በጋ አልፏል። እነዚያን ሰባት ደቂቃዎች ማን እንደሚሰርቀኝ ከሞላ ጎደል ስለደረስኩበት፣ የትኛውን ማስመለስ እንደሚቻልና የትኛውን ትቶ ቀደም ብሎ መነሳት እንደሚሻል ልንገራችሁ።

በጋ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። የፈረንጅ ብርድ በአቆጣጠራቸው ክረምት ላይ ይመጣል፤ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። አጥንት የሚሰብረው ብርዳችን ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ደመና ብርድ ልብስ ማለት ነው፤ ሲገፈፍ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ስለሚከብድ ከተራራው ተንሸራቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ቦሩ ሜዳ እንግዲህ የዚያ አየር አልጋ ነው። አፄ ዮሐንስ የቦሩ ሜዳውን ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መጥራታቸው ይህን ብርድ ፈርተው ይመስለኛል፤ ታሪክ አዋቂ ይቅር ይበለኝ።

መጀመሪያ ብርዱን ከብልሽቱ ለዩ። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ በእጃችሁ አሽከርክሩት። ቶሎ ከቆመ ወይም የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ሲልስ ከሰማችሁ ችግሩ እውነትም ብስክሌቱ ነው፤ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። በነፃነት ከዞረና ከሰዓት በኋላ ስትነዱት የሚቀል ከሆነ ግን እንደኔ ኩሽኔታ አታስቀይሩ።

ትልቁ ሌባ እግር ነው። የቀዘቀዘ ጡንቻ ቀስ ብሎ ይኮማተራል፣ ጉልበቱም ያንሳል። ሰውነት ብርድ ሲነካው ልብና ሳንባን ለማዳን ሲል የቆዳውን፣ የእጁንና የእግሩን የደም ሥር ያጠብባል፤ ጣት የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። እኔ ሱብሂ ሰግጄ ነው የምወጣው። ውዱኡ በቀዝቃዛ ውኃ፣ እግሬ ገና እርጥብ ሳለ ካልሲ፣ ከዚያ ቀጥታ ፔዳል። ለሁለት ዓመት እንዲህ ስሠራ ቆየሁ። እርጥብ እግር ከደረቅ እግር እጅግ ቶሎ ሙቀት እንደሚያጣ ለማወቅ መማር እንኳ አያስፈልግም፤ ያጠቡትን ልብስ ሲያሰጡ እጅ የሚሆነውን ማየት ይበቃል። አሁን በጣቶቼ መሀል ሳይቀር በፎጣ አደርቃለሁ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት።

ቀጥሎ ብስክሌቱ ላይ ወዲያው አትውጡ። አምስት ደቂቃ ያህል እየገፋችሁ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከወጣችሁም በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች በቀላል ማርሽ፣ እግርን ቶሎ ቶሎ እያዞራችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው በብርድ ጊዜ «ልሙቅ» ብሎ በከባድ ማርሽ ይረግጣል። ያልሞቀ ጉልበት ላይ ያ ጭነት በሎሚ ላይ ድንጋይ እንደማስቀመጥ ነው። የጉልበት ፊት ለፊት ነፋሱን በቀጥታ ይቀበላል፣ የሚሸፍነው ሥጋም የለውም። እኔ ከሱሪዬ ውስጥ ጉልበቱ ላይ ብቻ የድሮ ሹራብ ቁራጭ ሰፍቼበታለሁ። ከውጭ አይታይም፤ ሱሪውንም አያከብድም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ ልብስ። እዚህ ላይ ነው ሰው በገዛ እጁ ራሱን የሚያዘገየው።

መንገድ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚነዳ ሰው ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ጋቢ ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ልብስ ነው፣ ለዚያም አቻ የለውም። ለጋላቢ ግን ነፋስ ሲሞላው ሸራ ይሆንና ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ጫፉ ደግሞ ሰንሰለትና ራጂ (የጎማው ሽቦ) ውስጥ ለመግባት ሲፈልግ ይውላል። ሦስት ሹራብ በላይ በላይ መደረብም የጋቢ ታናሽ ወንድም ነው። ክንድ አይታጠፍም፣ ደረት ይሰፋል፣ ነፋሱ ብዙ የሚገፋው ነገር ያገኛል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ለሚነዳ ሰው ሜዳ ላይ ከጉልበቱ ብዙውን የሚበላው አየር መቅደድ ነውና የልብስ ውፍረት ቀላል ነገር አይደለም።

ጋላቢ ፊቱ ይበርደዋል፣ ጀርባው ያልበዋል። ስለዚህ ከፊት ነፋስ የማያስገባ፣ ከኋላ የሚተነፍስ ልብስ ያስፈልገዋል። እኔ የምሠራው ከተሰበረ ጃንጥላ ነው። የጃንጥላ ጨርቅ ስምንት ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ነው። ሦስቱን ፈታችሁ አንዱን ጫፉን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያደረጋችሁ ብታጋጥሟቸው ደረት የሚሸፍን ሰፊ ቁራጭ ይወጣችኋል። ይህን ከአንድ ስስ ሹራብ የፊት ክፍል ውስጥ እንደ ገበር ስፉት። ዙሪያውን ብቻ ነው የሚሰፋው፤ መሀሉን ብትወጉት እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ነፋስ ያስገባል። ሦስቱን ቁራጮች ያጋጠማችሁበትን ስፌት ደግሞ አንዴ አጥፋችሁ ድገሙት። ጀርባውን እንዳለ ተዉት። ክብደቱ ከአንድ መሐረብ አይበልጥም። እኔ ከሥሩ አንድ ከናቴራ ብቻ ነው የምለብሰው።

አንድ ሕግ አለኝ። ከበር ስወጣ ደስ የሚል ሙቀት ከተሰማኝ አንድ ልብስ አወልቃለሁ። ስትነሱ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ሞቃችሁ የተነሳችሁ እንደሆነ ዳገቱ ላይ ላብ ያጠምቃችኋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ያ ላብ በረዶ ውኃ ይሆናል። ወደ ኮምቦልቻ በብስክሌት ወርዶ የሚያውቅ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ይጠይቅ። ፔዳል ሳይረገጥ እየተንደረደሩ ሲወርዱ ሰውነት ሙቀት አይሠራም፤ ነፋሱ ግን ሥራውን አያቆምም።

ለእጅ የሱፍ ጓንት ብቻውን አይበቃም፤ ነፋስ በቀዳዳው ይገባል። ከላዩ ሌላ ነፋስ የማያሳልፍ ነገር ይደረብበት። ከሌለ ፌስታልም ቢሆን ጓንቱ ላይ ማጥለቅ ይቻላል፤ ማማሩን ተዉት፤ ብቻ ፍሬኑን ስትይዙ እንዳያንሸራትታችሁ አስቀድማችሁ ሞክሩት። የእጅ ነገር ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሱቅ ደርሼ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ባዶ ይሄዳል። ለሌላውም ቢሆን የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም። በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንዲት ፍየል ድንገት ብትገባብኝ ጣቶቼ መታጠፍ እምቢ ብለው ቦይ ውስጥ ገባሁ። ፍየሏ ምንም አልሆነችም፤ ቆማ ታየኝ ነበር።

ያን ቀን ጉምም ነበረበት። ጉም ቸርኬውን ያረጥበዋል፤ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ደግሞ ሲረጥብ ወዲያው አይዝም። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙና ውኃውን ጥረጉት። ፍጥነታችሁንም ቀንሱ። ከሰባቱ ደቂቃዎች ሁለቱን እኔ ራሴ አውቄ ነው የምሰጠው፤ ገና በደንብ ባልነጋ ጠዋት፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚያዘገይ ሰው አልዘገየም።

ጎማን በተመለከተ ስህተቴ ከሰዓት በኋላ ማስነፋቴ ነበር። ፀሐይ ላይ የተነፋ ጎማ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ሃያ ዲግሪ ላይ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የነበረ ጎማ ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ 3 ፒኤስአይ ገደማ ያጣል። ይህ ብቻውን ብዙ አይደለም። ግን ካላማዳሪ፣ ማለትም አየር የሚይዘው የውስጡ ጎማ፣ ምንም ሳይቀደድ በራሱም ቀስ እያለ አየር ያወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ አስር ቀን ያልተነካ ጎማ ጠዋት ላይ ለምቦጩን ጥሎ ታገኙታላችሁ። በዚያ ላይ የቀዘቀዘ ላስቲክ ይደርቃል፤ በየዙሩ ሲጨፈለቅና ሲመለስ ብዙ ጉልበት ይበላል። መድኃኒቱ ጠዋት፣ ብስክሌቱ ባደረበት ቦታ፣ በእጅ ፓምፕ መንፋት ነው። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አትለፉ። ከተቻለ ብስክሌቱን ቤት ውስጥ አሳድሩት። እኔ ኮሪደር ላይ ነው የማሳድረው፤ ባለቤቴ ስታማርር ስድስት ዓመቷ ነው።

ግሪስም በብርድ ይወፍራል፤ ያን ያህል ግን አትጨነቁበት። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰንሰለት ላይ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ። አቧራ ይሰበስብና ጠዋት ላይ እንደ ጭቃ ይይዛል። በነጭ ጋዝ አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ስስ ዘይት ቀቡት። እኔ የስፌት ማሽኔን ዘይት ነው የምጠቀመው። ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል፤ በየሳምንቱ መድገም አለባችሁ፤ ለዝናብ ጊዜም አይሆንም።

አየሩስ? ብርድ አየርን ያጠብቀዋል። በ20 እና በ5 ዲግሪ መካከል ልዩነቱ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም በእኔ ፍጥነት ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አያስዘገይም። ደግሞ እኛ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምንኖር አየራችን ድሮውንም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለመቅደድ ይቀላል፣ ለመተንፈስ ይከብዳል። ስለዚህ አየሩን እርሱት፤ ሳንባችሁን ግን አትርሱ። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ አስም ያለበት ሰው ላይ ደረት ያጠብባል። ሻርፕ አፍና አፍንጫ ላይ ጠምጥማችሁ የቻላችሁትን ያህል በአፍንጫ ተንፍሱ። አስም ያለበት ሰው የሚነፋ መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ አጠቃቀሙንም ከሐኪሙ ጋር ቀድሞ ይነጋገርበት።

ፊንላንድ ውስጥ ኦሉ በምትባል ከተማ ሰው በበረዶ ላይ ብስክሌት ነድቶ ሥራ ይሄዳል፤ ለግግሩ በረዶ ባለ ሚስማር ጎማ አላቸው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ማማረሬን ቀንሻለሁ፤ አልተውኩም።

ባዶ ሆድ አትንዱ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ አጥንቱ በየቀኑ ባይገኝም አጥሚት ወይም በሶ አይጠፋም። ብርድ ጥማትን ስለሚያስረሳ ሲደርሱ ውኃ መጠጣት ነው።

ሱቅ ስደርስ መጀመሪያ ላብ የነካውን ከናቴራ እቀይራለሁ፤ ለዚሁ ብዬ አንድ ደረቅ ከማሽኑ በላይ ሰቅያለሁ። ከዚያ በሩን ከፍቼ እቆማለሁ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ የጦሳ ተራራን አናት ነክታ ገና ወደ እኛ አልወረደችም። ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ እከትና መርፌዬን አነሳለሁ። ትናንት ክሩ በሁለተኛው ሙከራ ገባ።