ሽጉጣችሁን ከሌባ እንዴት ትጠብቁታላችሁ? አሜሪካ ለምትኖሩ

አሜሪካ ውስጥ መሣሪያ የገዛ ሐበሻ ጥቂት አይደለም። ነዳጅ ማደያ ወይም ሊከር ስቶር ያለው ይገዛል፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳው ይገዛል፣ ትራክ ይዞ ከስቴት ስቴት የሚዞረውም ይገዛል። ሕጉን አሟልቶ እስከገዛ ድረስ መብቱ ነው፣ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የት እንደሚያስቀምጡት ስትጠይቋቸው ነው የምትደነግጡት። ፍራሽ ሥር። ካልሲ መሳቢያ ውስጥ። ክሩስኮት ውስጥ። ካውንተር ሥር። ሌባም መጀመሪያ የሚፈትሸው እነዚህኑ ነው።

ቴሌቪዥን ቢሰረቅባችሁ ጉዳቱ የእናንተ ብቻ ነው። ሽጉጥ ሲሰረቅ ግን ዳፋው የማታውቁት ሰው ላይ ያርፋል፤ ምክንያቱም የተሰረቀ መሣሪያ የሚፈልገው ሱቅ ሄዶ፣ ፎርም ሞልቶ፣ ማጣሪያውን አልፎ መግዛት የማይችል ሰው ነው። ኤቲኤፍ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ባወጣው ዘገባ ከ2017 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ከ1 ሚሊዮን በላይ መሣሪያ መሰረቁ ተመዝግቧል። ከዚህ ውስጥ 96 ከመቶ ያህሉ የተሰረቀው ከሱቅ ሳይሆን ከግለሰብ ነው። ስለዚህ ነገሩ በአብዛኛው የባለቤቱ ጥንቃቄ ጉዳይ ነው።

አገር ቤት ገጠር ያደገ ሰው ጠመንጃ ከራስጌ ተሰቅሎ አይቶ ያውቃል። እዚያ ቤቱ ሰው አያጣም፣ ጎረቤት ያያል፣ ጠመንጃው የማን እንደሆነም መንደሩ በሙሉ ያውቃል። እዚህ ግን አፓርትመንቱ ከጠዋት እስከ ማታ ጭር ያለ ነው። ያንን ልማድ ይዞ እዚህ መኖር አይሆንም።

ከመኪናው እንጀምር፣ ብዙ ሽጉጥ የሚሰረቀው ከመኪና ነውና። የመኪና መስታወት ለመስበር ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ክሩስኮቱ ቁልፍ ቢኖረውም በካቻቢቴ የሚፈነቀል ፕላስቲክ ነው። ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ ሽጉጥ መኪና ውስጥ አይደር። እናንተ ቤት ስትገቡ አብሯችሁ ይግባ፣ ደክሟችሁም ቢሆን፣ «ነገ በጠዋት እወጣለሁ» ብላችሁም ቢሆን። ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ድርጅቶች አሽከርካሪ በሥራ ላይ መሣሪያ እንዲይዝ አይፈቅዱም፣ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ከቤት አይውጣ። በቨርጂኒያ ፈቃድ ሽጉጥ የሚይዝ ሰውም ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ፈቃዱ አይሠራለትም። ያስከስሳል፣ ያሳስራል።

ግድ ሆኖ መኪና ውስጥ ለጥቂት ሰዓት የምትተዉት ከሆነ ትንሽ የብረት ሣጥን ከነብረት ገመዱ ግዙ። ገመዱን የወንበሩ እግር ከወለሉ ጋር በብሎን በታሰረበት ብረት ዙሪያ ታዞሩትና ጫፉን ሣጥኑ ውስጥ አስገብታችሁ ትቆልፋላችሁ። ሣጥኑ ወንበር ሥር ወይም ትራንክ ውስጥ፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ ይሁን። ሽጉጡን ሣጥን ውስጥ የምታስገቡት ከቤት ሳትነሡ ነው። ፓርኪንግ ደርሳችሁ ወገባችሁን እየፈታችሁ፣ ጎንበስ እያላችሁ ስታስቀምጡ የሚያይ ሰው አይጠፋም፣ ያየው ደግሞ እስክትርቁ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ኮሎራዶ ውስጥ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሰው በሌለበት መኪና ሽጉጥ የሚተው ሰው በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን፣ ከእይታ ውጭ፣ መኪናውንም ቆልፎ መሆን አለበት። ሌላ ቦታ ባያስገድድም እናንተ እንደዚያው አድርጉ።

የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ነገር ለብቻው ያሳስበኛል። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ መኪናው መቶም ሁለት መቶም ይሆናል፣ ሰዉ ሁሉ ውስጥ ነው፣ ውጭ የቀረ የለም። ለሌባ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም። እሑድ ቤት ይቅር። መኪናችሁ ላይ የሽጉጥ ኩባንያ አርማ ለጥፋችሁ ከሆነም ዛሬውኑ ላጡት። «ውስጥ አለ» እያላችሁ ነው። ቲክቶክ ላይ ይዞ መቅረጽም ያው ነው።

አሁን ወደ ቤት። ብዙ ሰው መቶ ዶላር የማትሞላ በጣት አሻራ የምትከፈት ትንሽ ሣጥን ይገዛና ኮመዲኖው ላይ አስቀምጦ ተገላገልኩ ይላል። ሣጥኗን እስቲ አንሷት። እናንተ በአንድ እጅ ካነሣችኋት ሌባውም በብብቱ ሸጉጦ ይወጣል፣ ሰፈሩ ሄዶ ተረጋግቶ በመዶሻ ይከፍታታል። ካዝና ካዝና የሚሆነው ከቤቱ ጋር ሲታሰር ነው። አብዛኛው ካዝና ከጀርባው ወይም ከታቹ የተበሳ ቀዳዳ አለው፣ እሱ ለብሎን ነው። የአሜሪካ ቤት ግድግዳ ፊቱ ሺትሮክ የሚባል ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፣ ሺትሮክ ደግሞ ምንም አይይዝም፣ በጉልበት ሲጎተት ከነብሎኑ ይመጣል። ከጀርባው ያለውን ቋሚ እንጨት ማግኘት አለባችሁ። ብዙውን ጊዜ እንጨቶቹ በ16 ኢንች ርቀት ነው የቆሙት፣ በርካሽ የሚሸጥ መፈለጊያ መሣሪያ ያሳያችኋል። በትራፓኖ ብሱና በወፍራም ረጅም ብሎን አጥብቁት። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ወለሉ ጥግ ላይ ከሆነ ሌባው ብረት አስገብቶ የሚፈነቅልበት ክፍተት አያገኝም። ብረቱን ስትመርጡ «ጌጅ» የሚለውን ቁጥር እዩ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል፣ 14 ከ18 ይሻላል።

ተከራይ ከሆናችሁና መብሳት ካልተፈቀደ አከራዩን ጠይቁ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አራት ቀዳዳ ብዙም አይከለክሉም። እምቢ ካለ በብረት ገመድ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰሩት። የፋብሪካውን የይለፍ ቁጥር ወዲያው ቀይሩ፣ የልጅ የልደት ቀንም አታድርጉት። ከካዝናው ጋር የመጣው መለዋወጫ ቁልፍ ደግሞ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ካዝናው ከነቁልፉ ተሰጠ ማለት ነው።

ሽጉጥ ስትገዙ ነጋዴው አብሮ የሚሰጣችሁ የገመድ ቁልፍ አለ፣ ጠፍቶባችሁ ከሆነ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣሉ። እሱ ልጅ እንዳይተኩስ ይረዳል። ሌባን ግን አያቆምም፣ ከነገመዱ ይወስደዋል።

እንግዳም አለ። ክርስትና፣ ልደት፣ ለቅሶ ሲሆን ቤታችን ሃምሳ ሰው ይገባል፣ ግማሹን አናውቀውም፣ ኮት የሚከመረውም መኝታ ቤት አልጋ ላይ ነው። ሽጉጥ እንዳላችሁ ባይወራ ይመረጣል። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ በ2023 ሕጉ ጠብቋል፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መሣሪያ መተው ያስጠይቃል።

ለገና ወይም ለክረምት አገር ቤት ስትሄዱ ቤቱ ለሳምንታት ባዶ ይሆናል። አንዳንድ የመሣሪያ ሱቆችና የተኩስ መለማመጃዎች በክፍያ ያስቀምጣሉ፣ ጠይቁ። ለዘመድ እተዋለሁ ካላችሁ ተጠንቀቁ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ እንዲይዝ የፌዴራል ሕጉ አይፈቅድም፤ ደግ አደርጋለሁ ብላችሁ የወንድማችሁን ልጅ መዘዝ ውስጥ እንዳትከቱት።

ዛሬ ማታ አምስት ደቂቃ ስጡና ይህን አድርጉ። ሽጉጡን ጥይት አውጡለት፣ ደግማችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ መለያ ቁጥሩን ፎቶ አንሡ። ግሎክ ከሆነ ከአፈሙዙ በታች ባለች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ነው፣ ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ በጎን በኩል ይታያሉ። ደረሰኙንም አብራችሁ አንሡና ለራሳችሁ ኢሜል ላኩት። ፖሊስ የተሰረቀ መሣሪያ በአገር አቀፍ መዝገብ ለማስገባት ይህን ቁጥር ይፈልጋል፣ ያለ ቁጥሩ «ጥቁር ሽጉጥ» ብሎ ማስመዝገብ ዋጋ የለውም። ቁጥሩ ከሌላችሁ የገዛችሁበት ሱቅ የሞላችሁትን ፎርም 4473 ይዞ ይሆናልና ደውሉ።

ከተሰረቀስ? ቤት ስትደርሱ በሩ ተሰብሮ ካገኛችሁ አትግቡ፣ 911 ደውሉ። ሌባው ምናልባት አሁን ሽጉጣችሁን ይዟል። ሪፖርት ለማድረግ አታቅማሙ። ቨርጂኒያ ካወቃችሁበት ጊዜ ጀምሮ 48 ሰዓት ትሰጣለች፣ ሜሪላንድ ለሽጉጥ 72 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያና ኮሎራዶ አምስት ቀን፣ ዲሲ ወዲያውኑ ነው የሚለው። ቀነ ገደብ የሌለባቸው ስቴቶች ብዙ ናቸው፣ እዚያም ቢሆን በዚያው ቀን ሂዱ። «ፖሊስ እኔን ይጠረጥረኛል» ብሎ ዝም የሚል ሰው አለ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሽጉጡ ወንጀል ላይ ሲገኝ መርማሪዎቹ ከፋብሪካው ተነሥተው እስከ ሻጩ ሱቅ፣ ከዚያም እስከ መጀመሪያው ገዢ ድረስ ይከተሉታል። መጨረሻው የእናንተ በር ነው። የዚያን ጊዜ በእጃችሁ የፖሊስ ሪፖርት ቁጥር መኖሩና አለመኖሩ ትልቅ ልዩነት አለው። በተለይ ዜግነት ያልያዛችሁ፣ ግሪን ካርድም ቢኖራችሁ፣ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ጥያቄ ከተነሣ ቶሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ዲሲ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ በሕግ መብት አላችሁ፣ «አማርኛ» ብቻ በሏቸው።

የወሰደውን ሰው ብትጠረጥሩ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ራሳችሁ ልታስመልሱ አትሂዱ። ስሙን ለፖሊስ ስጡ። ለዓመታት ሳትነኩት የተቀመጠ፣ ለምን እንደገዛችሁት እንኳን የረሳችሁት ሽጉጥ ካለ ደግሞ ፈቃድ ላለው ነጋዴ ሽጡትና ደረሰኙን ከፎቶው ጋር አስቀምጡት።