የአረጋዊ ወላጅዎ መድኃኒቶች የልብ ምታቸውን እንዳያዛቡ እንዴት መከታተል ይቻላል?

ፒያሳ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት የግፊት መድኃኒታቸውን ከጤና ጣቢያ፣ የልባቸውን ከጥቁር አንበሳ፣ የሳላቸውን ከሰፈር መድኃኒት ቤት ሊወስዱ ይችላሉ። ሁሉም በየፊናው ያዝዛል። ሙሉውን የሚያውቀው ቤተሰብ ብቻ ስለሆነ ሥራው የሚጀመረው ከቤት ነው።

መጀመሪያ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ይሰብስቡ፤ የማስታገሻውን፣ ከባለፈው ሕመም የተረፈውን፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር። የዓይን ጠብታ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለግላኮማ (የዓይን ነርቭን ለሚጎዳ ሕመም) የሚታዘዘው ቲሞሎል ግን ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትን ሊያዘገይ ይችላል፤ እንደ እሱ የልብ ምትን የሚያዘገዩትን አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ለሚውጥ ሰው ይህ በጣም ያሰጋል።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ስም፣ መጠን፣ የሚወሰድበትን ሰዓትና ያዘዘውን ሐኪም በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ለምሳሌ ሽንት የሚያሸኑት ላሲክስና ፉሮሴማይድ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ በሁለት ስም ተገዝተው በእጥፍ እንዳይዋጡ ያመሳክሩ።

ወረቀቱን ለፋርማሲስት ያሳዩ። አንቲባዮቲኮቹ አዚትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ እንዲሁም የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶቹ አሚትሪፕቲሊን እና ሃሎፔሪዶል ልብ ከአንድ ምት በኋላ ለቀጣዩ የሚዘጋጅበትን ጊዜ ሊያስረዝሙ ይችላሉ። ከእነዚህ ማናቸውም ሁለቱ ሲደራረቡ ምቱ የመዛባቱ አደጋ ይጨምራል። ሽንት የሚያሸኑት ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ለልብ ምት የሚያስፈልጉትን ማዕድናት ፖታሲየምና ማግኒዚየምን በሽንት ያስወጣሉ፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከታከለበት ልብ ይበልጥ ይጋለጣል። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ፖታሲየማቸው ሲቀንስ፣ ኩላሊታቸው ሲደክም ወይም ክላሪትሮማይሲን ሲጨመርባቸው ሊመረዙ ይችላሉ። ለጉንፋን ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መግዛት በዚህ ዕድሜ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

ከሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እንዲነሳ፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና የኩላሊት ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቁ። «ከእነዚህ መካከል አሁን የማያስፈልጋቸው አለ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም። በራስዎ ውሳኔ ግን ምንም አያቋርጡ፤ አቴኖሎልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ልብን ይጎዳል። በጾም ወቅት የመዋጫ ሰዓት የሚለወጥም ከሆነ አስቀድመው ያማክሩ።

በቤት ውስጥ የልብ ምትን መቁጠር ይልመዱ። ወላጅዎ ጥቂት ዐረፍ ካሉ በኋላ ከአውራ ጣታቸው በታች፣ አንጓቸው ላይ ሁለት ጣትዎን አሳርፈው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ምት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው። ቁጥሩ ከወትሮው ከራቀ ወይም ምቱ ከተዘበራረቀ ሐኪም ያማክሩ። ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ይጥሩ።